ኮርቲና ላይ የደበቅንህ

ፍራንክፈርት፣ ፕሮይንገስሃይም

ውድ ያቆብ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ የሚጽፍ እብድ ነው ትል ይሆናል። ያሳበድከኝ አንተው ነህና ዝም ብለህ አንብብ። ስልክህ ላይ እንዳልጽፍልህ አክስትህ ይዘውታል አሉኝ፤ የእኔን መልእክት የሌላ ሰው ጣት ሲከፍተው ሳስበው ይዘገንነኛል። ስለዚህ በወረቀት ነው። አብረን እናየዋለን ያልነውን ከተማ አይቼው መጣሁ፣ ኮርቲናን። ያየሁት ግን አንተ ከሞትክ በኋላ፣ እንዳልሞትክ እያስመሰልኩ ነው።

ያንን የፒያሳ ካፌ አትረሳውም መቼም። ሰገን «ለወንድሜ አድርሺልኝ» ብላ ጫማ አስይዛኝ ለእረፍት አዲስ አበባ መጣሁ። ስልክህ ላይ ስደውል «ካፌው ድረስ ነይ» አልከኝ። ስደርስ ግማሽ አካልህ የማኪያቶ ማሽኑ ውስጥ ገብቷል። ሰላም ልልህ አፌን ስከፍት «አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ፣ እየሰማሁት ነው!» ብለህ ጮኽክብኝ። ማሽንን በጆሮ የሚያክም ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሥራህን ስትጨርስ በደንብ አድርጌ ልሰድብህ ተቀመጥኩ፣ ልሰድብህ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ከማሽኑ በላይ ያ የደበዘዘ ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ከሥሩ ረጅም የደወል ግንብ፣ ባለፀጉር ካፖርት የለበሱ ሴቶች። «ኮርቲና ይባላል፣ ጣሊያን ነው» አልከኝ እጅህን በጨርቅ እየጠረግክ። «አንድ ቀን እዚያ ሄጄ የነሱን ማሽን ነው የምሰማው።» ከዚያ በኋላ «አንድ ቀን ሄደን» ማለት ጀመርክ።

እኔ በዕድሜ የምበልጥህ፣ አንድ ትዳር ያፈረስኩ ሴት ነኝ። «ሽማግሌ ሳልልክ ስምሽ በሰው አፍ አይገባም» ብለህ ለእህትህ ለሰገን እንኳ ትንፍሽ እንዳልል አስማልከኝ። ሰገን እዚህ የቅርብ ጓደኛዬ ናት፣ አንድ የአረጋውያን ቤት አብረን ነው የምንሠራው፤ ስንት ጊዜ ምላሴን ነክሼ እንደመለስኩት እኔ ነኝ የማውቀው። አንተም ከፋሲካ በኋላ ጋሽ ኣስፍሃን ሽማግሌ አድርገህ አጎቴ ዘንድ ልትልክ ነበር። የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው፤ አስመራ ተወልደው፣ አዲስ አበባ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን እዚህ ዚንድሊንገን ሰፈር ያለ ፋብሪካ ውስጥ ጨርሰው ጡረታ የወጡ። እሳቸውም ገና አልተነገራቸውም። የእኛን ነገር የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም።

ሐሙስ ከሥራ ስመለስ ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ ወደ ምድር ባቡሩ ልወርድ ስል ጋሽ ኣስፍሃ ደወሉ።

«ዘመናይ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አዎ ጋሼ፣ ደህና ነዎት?»

«እኔስ ደህና ነኝ። ነገ ከሰገን ጋር ለእረፍት፣ ኡርላውብ ትሄዳላችሁ አሉኝ።»

«አዎ ጋሼ፣ ጣሊያን።»

«እንግዲህ ጠንከር በይ። ያ ወንድሟ፣ ያቆብ የሚሉት፣ አረፈ። ከደብረ ብርሃን ሲመለስ መኪና ተገልብጦ ነው። ቀብሩም ተፈጽሟል። ጉዞውን እንዳትሰርዙ፣ ከቀራችሁ ትጠረጥራለች። ሰኞ ማለዳ ሰው ሰብስቤ ቤቷ እመጣለሁ። እስከዚያ ስልኳን ጠብቂ፣ ፌስቡኳን ጠብቂ፣ ማንም ባለጌ እንዳያረዳት። አደራ ብያለሁ።»

ያ ወንድሟ፣ ያቆብ የሚሉት።

ሰው መርዶ ሲነገረው እንዴት እንደሆነ ታውቃለህ። በማለዳ፣ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኝ ትከሻው ተደግፎ፣ ወድቆ እንዳይጎዳ ተብሎ ነው። እኔን ግን ደረጃው ላይ የጎመን ፌስታል አንጠልጥዬ፣ አንድ ሰካራም ሲጋራ እየለመነኝ ነው የነገሩኝ። ለእሳቸው ምንህም አይደለሁምና በምን ይወቀሱ? «እሺ ጋሼ» አልኩ። የማላለቅስበት ምክንያት እንጂ የማለቅስበት ምክንያት አልነበረኝም፤ ባለቅስ ማን ነኝ ብዬ ነው የማለቅሰው? ደግሞ አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።

ልታመም አሰብኩ። ማታውን ለሰገን ደውዬ «ሆዴን እያመመኝ ነው» ስላት «ብትታመሚም በቃሬዛ እወስድሻለሁ» አለችኝ። የምትንከባከባቸው አሮጊት ልጅ ኮርቲና ቤት አላት፤ ለእናቴ ስላደረግሽላት ብላ ቅዳሜና እሁድን እንድናርፍበት ቁልፉን ሰጥታታለች። እንዲህ ያለ ዕድል ድጋሚ አይገኝም አለች። እውነቷን ነው ብዬ ጓዜን ሸከፍኩ።

ሰገን ጥቁር መነጽር አድርጋ ነው ባቡር የገባችው። ሙኒክን አልፈን ተራራው መታየት ሲጀምር፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳትመልስ፣

«ያቆብ ደውሎ ነበር» አለች።

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት። ስልኩ ተሰብሮበት በሰው ስልክ ነው። አንቺንም ሰላም ብሎሻል።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ በልቤ። ቤተሰብ እንዳትጠረጥር ብሎ አንዱን የአጎት ልጅ በአንተ ድምፅ እያስወራት ነው ብዬ ገመትኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሲደረግ አይቻለሁ። ግን የሞተ ሰው ሰላምታ ሲደርስህ እንዴት እንደሚያደርግ አታውቅም። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ መስኮቱ ጠቆረና የእኔ ፊት፣ የሰገን ፊት፣ ከኋላችን ደግሞ ባዶው ወንበር ታየኝ። ወንበሩን ላለማየት ዐይኔን ጨፈንኩ።

ኮርቲና ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ፎቶው አልዋሸም ያቆብ። ግንቡ አለ። ሴቶቹ አሉ፣ ካፖርታቸውም አለ፤ ውሾቹ ሳይቀሩ ካፖርት ለብሰዋል። መሐል ከተማው በእግር ብቻ ነው የሚኬደው፣ ግራና ቀኙ ሰዓትና ጌጥ ነው። ሀብታሞቹ የበረዶ መንሸራተቻቸውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ በዚያ ከባድ ጫማቸው እንደ ዳክዬ እየረገጡ ያልፋሉ። ተራራው ከላይ ቀስ እያለ ቀላ፣ ከዚያ እንደ ጽጌረዳ ሆነ፣ ሰዉ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ አነሳው። እኔ ግን ፈራሁ። ፎቶው ውስጥ ገብቼ ስዞር ሁሉም በቦታው አለ፤ ከፎቶው ሥር የነበረው ሰው ብቻ ነው የጎደለው።

«ቁሚ፣ ላንሳሽ። ለያቆብ እንልክለታለን» አለች ሰገን። ቆምኩ። ሳቂ ስትለኝ ሳቅኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ቡና ቤት ገባን። ሁዳዴ ስለሆነ ያለ ወተት አዘዝን። ማሽኑ በእንፋሎት አፏጨና መጨረሻ ላይ እንደ መታፈን አለ። ያኔ ከኋላዬ «የማሽኑ ጎማ አልቋል» ስትል ሰማሁህ። በጆሮዬ ነው የሰማሁህ። ዞርኩ። አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ እያነበበ ነበር።

«ምን ሆንሽ?» አለች ሰገን።

«ምንም። የማውቀው ሰው መስሎኝ።»

«ማን?»

«ማንም።»

እሷም እኔ ወዳየሁበት ዞራ ብዙ ቆየች። ቡናዋን አልነካችውም። ከመጣን ጀምሮ እህል ስትቀምስ አላየሁም፣ ጾሙን አጥብቃ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። መነጽሯንም ቤት ውስጥ አታወልቅም። «አንቺ ደግሞ፣ ሰው ቤት ውስጥ መነጽር!» ስላት «ኮርቲና ነው፣ ዝም በይ፣ ሁሉም እንዲህ ነው» አለችኝ። እውነትም ግማሹ ሰው መነጽር አድርጎ ነበር የተቀመጠው። የከተማው ኩራት ተጋብቶባት ነው አልኩ። እኔ ውስጤ እየነደደ እሷ ታጌጣለች ብዬ፣ ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩባት።

ከዚያ ወጥተን አንድ ሱቅ ስንገባ የሱፍ ኮፍያ አነሳችና ራሴ ላይ አድርጋ ለካችው። «ለያቆብ ይሆነዋል?»

«ይሆነዋል» አልኩ። አፈር ለለበሰ ሰው «ይሆነዋል» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ አንዲት ሴት አገኘን። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ሁለት ትንንሽ ውሾች የሚጎትቱ፣ መልካቸው የእኛው። ገና ከሩቅ አይተውን ፈገግ አሉ። «ሓበሻ ናችሁ አይደል?» ወይዘሮ ኣብርሀት ይባላሉ፣ የከረን ሰው ናቸው፤ ወጣትነታቸውን አዲስ አበባ አሳልፈው ከዚያ ወዲህ ሕይወታቸው ጣሊያን፣ የሰው ቤት ነው። ውሾቹ የእመቤታቸው ናቸው። «ለእነሱ በጋም ክረምትም ልብስ አላቸው፣ እኔ ይኸው» ብለው ያረጀ ጃኬታቸውን አሳዩን። ሰገን ድንገት የውሾቹን ገመድ እጄ ላይ አድርጋ እሳቸውን ወደ ጎን ወሰደቻቸው። ከአንድ ሱቅ መስኮት ሥር ሆኜ አያለሁ። ሴትየዋ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ቀጥሎ የሰገንን ክንድ ጨበጡ።

«ምን አወራችሁ?» አልኳት በኋላ።

«ቤተ ክርስቲያን የት እንዳለ ጠየቅኳቸው።»

አላመንኳትም። ሴትየዋ ፍራንክፈርት የሚያውቁት ሰው ይኖር ይሆን? ነገሩን ሰምተው ይሆን? የሓበሻ ወሬ ተራራ አያግደውም። አደራዬን ልበላ ነው ብዬ ፈራሁ።

ወደ ቤት ስንገባ ሰገን በረንዳ ወጥታ ስልክ ታወራ ጀመር። በመስታወቱ ድምፅዋ ይሰማኛል። «አዎ፣ ከዘመናይ ጋር ነኝ... ኧረ በረዶው! ... ሂድ ወዲያ፣ አትቀልድ!» ሳቀች። «እሺ፣ እነግራታለሁ።» ገብታ በሩን ዘጋችና፣ «ያቆብ ነው። ካፖርቷን ትቆልፍ ብሏል።»

ይህን እንዴት እንደቻልኩት አትጠይቀኝ፤ አልቻልኩትምና። ካፖርትሽን ቆልፊ የምትለኝ አንተ ብቻ ነህ። የትኛውም የአጎት ልጅ ይህን አያውቅም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩና ፎጣ ነከስኩ። እዚያው ቁጭ ብዬ ማመን ጀመርኩ። ጋሽ ኣስፍሃ ተሳስተው ቢሆንስ? ያቆብ የሚባል ስንት አለ! በድብቅ ቁጥርህን ደወልኩ። ያቺ የቴሌ ሴትዮ ማግኘት እንደማልችል ነገረችኝ። ደገምኩ። ደጋግማ ነገረችኝ። ከሐዘኑ ይልቅ ያ ተስፋ ነው ሊገድለኝ የነበረው።

እሁድ ገና ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ። ሰገን አልጋዋ ላይ የለችም። ተነስቼ ከፈትኩ። ወይዘሮ ኣብርሀት ናቸው፤ ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተከናንበዋል።

ጥለቱ ወደ ላይ የዞረ ነጠላ በማለዳ በር ላይ ሲቆም ምን ማለት እንደሆነ ማን ያጣዋል? ሰምተዋል፣ ሰገንን ሊያረዱ መጡ አልኩ። ያለ ቀኑ፣ ያለ ሰው፣ ያለ ዘመድ። በባዶ እግሬ በረዶው ላይ ወጣሁና በሩን ከኋላዬ ሳብኩ።

«እማማ፣ በማርያም፣ ዛሬ አይደለም» አልኳቸው በሹክሹክታ። «ነገ ነው። ፍራንክፈርት ሽማግሌዎች ይጠብቋታል። አደራ ተቀብዬበታለሁ። እሷ ገና አታውቅም፣ ይመለሱልኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። ቀስ እያለ ገባቸው መሰለኝ፣ ዐይናቸው ሞላ። «ኣየ ጓለይ» አሉ። «ኣየ ልጄ። አንቺም ብቻሽን ተሸክመሽው ነበር?»

በሩ ከኋላዬ ተከፈተ። ሰገን ናት። እሷም ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። መነጽሯን አውልቃለች፣ ዐይኗ አብጦ ሊጠፋ ደርሷል።

«ግቢ ዘመናይ» አለች። «ወደ እኔ አይደለም የመጡት። ወደ አንቺ ነው።»

መሐላቸው አስቀመጡኝ። ወይዘሮ ኣብርሀት ትከሻዬን ደገፉ፣ ሰገን ሁለት እጄን ያዘች። እንደ ወጉ ነገረችኝ። «ያቆብ አርፏል። ባልሽ አርፏል።» ከሐሙስ ጀምሮ የማውቀውን ነገር የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ጮህኩ። ያ ሁሉ ሰው ጸጥታ ፍለጋ የሚመጣበት ከተማ ላይ ጮህኩበት። ጎረቤት ግድግዳውን ደበደበ፤ ወይዘሮ ኣብርሀት መልሰው ደበደቡት፣ እሳቸውም በትግርኛ ማልቀስ ጀመሩ።

በኋላ ሰገን ነገረችኝ። ረቡዕ ዕለት አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛህ ፎቶህን ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፎት አይታለች። ስለ እኔ ደግሞ ጥምቀት ማግስት አንተው ራስህ ነግረሃታል። እኔን አስምለህ! «ካፖርቷን አትቆልፍም፣ ተከታተያት» ብለሃት ነበር አሉ።

«ለኔ ሰው ይመጣልኛል» አለች ሰገን። «እድሩ ይመጣል፣ ዘመድ ይመጣል። ላንቺ ማን ይመጣል? አንቺም ፌስቡክ ላይ እንዳታይው ብዬ ነው ይዤሽ የወጣሁት። ግን ብቻዬን ላረዳሽ አቃተኝ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገርም። እሳቸውን ሳገኝ እግዜር የላከልኝ መሰለኝ።»

«በረንዳ ላይ ከማን ጋር ነበር የምታወሪው?»

«ከማንም። ስልኩ ጠፍቶ ነበር። ሁለት ቀን እንኳ ይኑርልሽ ብዬ።»

እኔም የጋሽ ኣስፍሃን ነገር ነገርኳት። ስትሰማ አፏን ያዘች። አንተን እርስ በርሳችን ስንደባበቅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሐዘንተኞች ስንሳሳቅ ነው የከረምነው። ሳቅ አመለጠን፣ እመነኝ፣ ከዚያ ሳቁ ራሱ ወደ ልቅሶ ዞረ።

ሰኞ ማለዳ ጋሽ ኣስፍሃ ሰው አስከትለው ሰገን ቤት መጡ። ሰገን አውቃለሁ አላለችም፣ ወጋቸውን አልነጠቀቻቸውም፤ ተቀምጣ ሰማቻቸው፣ እንደ አዲስም አለቀሰች። ጋሽ ኣስፍሃ ወደ እኔ ዞረው «ጎበዝ፣ አደራሽን ተወጣሽ» አሉኝ። «በይ አሁን ለሰዉ ውኃ አቅርቢ።» ልነሳ ስል ሰገን ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«እሷ አታስተናግድም ጋሼ። ቦታዋ እዚህ ነው።»

«ለምን?»

«የወንድሜ ሚስት ናት።»

ሽማግሌው እንደገና ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እኮ... በስልክ... መንገድ ላይ...» ብለው መጨረስ አቃታቸው። ኮፍያቸውን አወለቁና ጎንበስ ብለው «እግዜር ያጽናሽ ልጄ» አሉኝ። ከኋላቸው ያለው ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየመጣ እንደዚያው አለኝ። ሽማግሌ ሳይላክልኝ፣ ሳይደገስልኝ፣ በልቅሶህ ተዳርኩ ያቆብ።

አሁንም ትመጣለህ። ቡና ቤት ሳልፍ ማሽን ሲያፏጭ ትናገረኛለህ፤ አንዳንዴ መልስ ስሰጥህ ሰው ዞሮ ያየኛል። አልፈራህም። ግን እኔን ፍለጋ ከሆነ የምትዞረው፣ ያለሁበትን ልንገርህ። ነገ አርባህ ነው፣ ፍራንክፈርት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ይደረግልሃል። ያን ያህል ስወድህ የክርስትና ስምህን አላውቀውም ነበር፤ ከሰገን ተቀበልኩት። ነገ ቄሱ ስም ሲጠይቁ ከፊት ቆሜ የምጠራህ እኔ ነኝ። ስሰማህ እንደኖርኩ አንተም አንዴ ስማኝና እረፍ።

ሚስትህ
ዘመናይ